ትናንሾቹ የቦውል ግጥሚያዎች ለቡድኖች ይጠቅማሉን?

ስለ አሜሪካኖች ፉትቦል በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ መጻፍን ምን አመጣው የሚል ጥያቄ በአእምሯችሁ እንደሚመላለስ ይሰማኛል። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ነገሩ የተነሣው በገዛ ግቢያችን ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ በትምህርት ቤቶች ውድድር ለፍጻሜ ሳይደርስ ቀርቶ ለሦስተኛነት እንዲጫወት በተጠራ ጊዜ፣ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ «ዋንጫ ለሌለበት ጨዋታ ጉልበታችንን አናባክንም፤ ፈተናም ደርሷል» ብለው እንቢ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የተጠራንበትን ትተን ብንቀር ነውር ነው አሉ። ጉዳዩ ከሜዳ ወደ ክፍል፣ ከክፍልም ወደ ክርክር ክበብ ገባ። እኔ ዕጣ ደርሶኝ «አይጠቅምም» ከሚለው ወገን ቆሜ ተከራከርሁ፤ ተረታሁም። የተረታሁት ግን በተቃራኒዎቼ አንደበት ብቻ አልነበረም። በአፌ የምናገረው አንድ፣ በልቤ የማስበው ሌላ ስለ ነበር ነው።

በልቤ የነበረው በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። እርሱ ስሙ እምብዛም በማይጠራ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ባልጠቅስ ይሻላል። ቁመቱም ክብደቱም ከዘመዶቻችን ሁሉ ስለሚበልጥ በፉትቦሉ ቡድን ውስጥ ከመስመሩ ሰዎች ጋር አስገቡት፤ ይኸውም ኳስ ከያዘው ጓደኛቸው ፊት ቆመው ተቃራኒውን በደረታቸው የሚያግዱት ናቸው። ነገር ግን የነፃ ትምህርት ዕድል የተሰጠው አይደለም። ክፍያውን የሚከፍለው አጎቴ ሲሆን፣ ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎሕ በፊት እየተነሣ ሲለማመድ ኖሮ በአንድም ጨዋታ ላይ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተሰለፈም ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ያ ቡድን ስድስት ጨዋታ አሸንፎ ስድስት ተሸንፎ ሳለ ለአንድ ትንሽ ቦውል ተጠራ። እኛም እዚህ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን በኮምፒውተር እንመለከት ጀመር። አባቴ ቡናውን እየጠጣ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ስድስት አሸንፎ ስድስት የተሸነፈ ሰው ምን ዓይነት ሽልማት ነው የሚጠብቀው?» አለ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በአሜሪካን አገር ብዙ ሰዎች በየዓመቱ የሚከራከሩበት እርሱኑ ነው።

ለማያውቁት አንባብያን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካን ፉትቦል እኛ እግር ኳስ ከምንለው ጋር ዝምድናው የስም ብቻ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በእጅ ተይዞ ይሮጡበታል፤ ወይም ይወረውሩታል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጨዋታ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ በልዩ ልዩ ከተሞች «ቦውል» የሚባሉ ግጥሚያዎች ይደረጋሉ። ቦውል ማለት ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው፤ ስያሜው የመጣው ከስታዲየሞቹ ቅርጽ ነው። ወራቱንም ሆነ ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ግጥሚያ የተደረገው በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፓሳዴና ከተማ በጥር 1 ቀን 1902 ነበር። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ረታው፤ ስታንፎርዶችም ጨዋታው ሳያልቅ በቃን ብለው ወጡ። አዘጋጆቹ በዚህ እጅግ ስላፈሩ ፉትቦሉን ትተው ለብዙ ዓመታት በምትኩ የሠረገላ እሽቅድምድምና የመሳሰለውን ሲያሳዩ ኖሩ። ጨዋታው የተመለሰው በ1916 ነው። ዛሬ ከሁሉ የከበረ የሚባለው ሮዝ ቦውል ይኸው ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ አገሪቱ በገንዘብ ችግር ተጨንቃ ሳለች፣ ማያሚ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ኤል ፓሶና ዳላስ የየራሳቸውን ቦውል አቋቋሙ፤ አሳባቸውም በክረምቱ እንግዳ ወደ ከተማቸው እንዲመጣና ሆቴሎቻቸው እንዲሞሉ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ከጥንቱ ከንግድ የተለየ አልነበረም። ዱሮ ንጹሕ ነበር፣ ዛሬ ረከሰ የሚሉት ሰዎች ይህን ባይረሱ መልካም ነው።

ዛሬ ቦውሎቹ ወደ 40 ደርሰዋል። በ2024 የውድድር ዘመን በከፍተኛው ክፍል የነበሩት ቡድኖች 134 ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት ከውድድሩ ፍጻሜ በኋላ ለአንዱ ቦውል በቅተዋል። ለመጠራት ከአሥራ ሁለቱ ጨዋታ ስድስቱን ማሸነፍ ይበቃል። ስሞቻቸውም ለጆሮ የሚያስቁ ናቸው፤ በአይዳሆ የድንች ቦውል አለ፣ በሰሜን ካሮላይና የማዮኔዝ ቦውል አለ። የማዮኔዙን ያሸነፈ አሠልጣኝ በራሱ ላይ አንድ ባልዲ ማዮኔዝ ይደፋበታል፤ የድንቹን ያሸነፈው ደግሞ የተጠበሰ ድንች ይፈስበታል። (እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ ከጨዋታው ሁሉ ይልቅ የምግቡ መባከን አሳዘናት።)

የሚቃወሙት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ እኔም በክርክሩ ጊዜ የተናገርሁት ይህንኑ ነበር። አንደኛው የገንዘብ ነው። ቦውል የተጠራ ዩኒቨርሲቲ ያተርፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ገንዘቡ በአብዛኛው የሚከፈለው ቡድኑ ላለበት ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩ ለአባሎቹ ሁሉ ያካፍለዋል። ተጋባዡ ዩኒቨርሲቲ ግን ተጫዋቾቹን፣ አሠልጣኞቹንና ሙዚቀኞቹን አሳፍሮ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ፣ በዚህም ላይ የተመደበለትን ትኬት በገዛ ገንዘቡ ወስዶ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ትኬቱ ካልተሸጠ ኪሳራው የራሱ ነው። በጥር 1 ቀን 2011 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ከሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ጫፍ ተነሥቶ በአሪዞና በረሃ በፊየስታ ቦውል ሲጫወት፣ ከተመደቡለት 17,500 ትኬቶች አብዛኛዎቹን ሳይሸጥ ቀረ። በጨዋታው በኦክላሆማ 48 ለ 20 ተሸነፈ፤ ወደ ቤቱም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ከስሮ ተመለሰ። ፊየስታ ቦውል ደግሞ ከትልልቆቹ አንዱ እንጂ ከትናንሾቹ የሚቈጠር አይደለም። በትልቁ እንዲህ ከሆነ በትንሹ እንዴት ይሆን?

ሁለተኛው የአካል ጉዳት ነው። በጥር 1 ቀን 2016 የኖትር ዳሙ ጄይለን ስሚዝ በዚያው በፊየስታ ቦውል የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ነርቩም ተጐዳ። ከዚያ ቀን በፊት የባለሙያ ቡድኖች ከሁሉ አስቀድመው ከሚመርጧቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የተመረጠው ግን 34ኛ ሆኖ ነው። በዚህ ልዩነት የቀረበት ገንዘብ በሚሊዮን የሚቈጠር ነው። ይህን ያዩት የሉዊዚያናው ሌናርድ ፎርኔትና የስታንፎርዱ ክርስቲያን መካፍሪ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ቡድኖቻችን በቦውል ይጫወቱ እንጂ እኛ አንጫወትም አሉ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከዳተኞች ብሎ ሰደባቸው። በሚያዝያ 2017 አንዱ አራተኛ፣ ሌላው ስምንተኛ ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያ በኋላ መቅረት እንደ ልማድ ሆነ። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። በአንድ ጉልበት ላይ የቤተሰብ ኑሮ በተንጠለጠለ ጊዜ ለአንድ የድንች ፋብሪካ ማስታወቂያ ሲባል ጉልበቱን አጋልጥ ማለት ጭካኔ ነው። ከቦውሉ አዘጋጆች ለተጫዋቹ እንዲሰጥ የተፈቀደው ስጦታ እንኳ ዋጋው ከ550 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ነበር።

ነገር ግን እዚሁ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር አየሁ። መካፍሪ ሳይሰለፍ ስታንፎርድ በኤል ፓሶ በሰን ቦውል ሰሜን ካሮላይናን 25 ለ 23 አሸነፈ። በመካፍሪ ቦታ የሮጠው ብራይስ ላቭ የሚባል ተጠባባቂ ነበር። ይኸው ተጠባባቂ በሚቀጥለው ዓመት 2,118 ያርድ ሮጦ ለአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች በሚሰጠው በሃይዝማን ሽልማት ሁለተኛ ወጣ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለእኔ ክርክር በጣም በተመቸ ነበር። ነገር ግን ብራይስ ላቭ በ2018 መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ተጐዳ፤ የተጐዳውም በቦውል ሳይሆን በተራ ጨዋታ ነው። ጉዳት የቦውልን ቀን ጠብቆ አይመጣም። ስለዚህ «ቦውል ሰውን ይሰብራል» የሚለው ምክንያት ተከትለን እስከ መጨረሻው ብንሄድበት ፉትቦልን በሙሉ ወደ መተው ያደርሰናል። ይህንንም የሚሉ አሉ፤ ምናልባትም እውነት አላቸው። ግን ያ ሌላ ክርክር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ለቡድን ይጠቅማልን?» የሚል ከሆነ በመጀመሪያ ቡድን ማለት ማን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባናል። በጋዜጣ ስሙ የሚጻፈው ሰው ብቻ ነውን? የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን ከመቶ የሚበልጥ ተማሪ አለበት። ከእነዚህ ውስጥ ባለሙያ የሚሆኑት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። የቀሩት መሐንዲስ፣ አስተማሪ፣ የመድን ድርጅት ጸሐፊ ይሆናሉ። ለእነርሱ በአንድ ትንሽ ከተማ በታኅሣሥ ቀን የሚደረግ ጨዋታ፣ በሕይወታቸው ሳሉ የትከሻ መከላከያ ለብሰው የሚሰለፉበት የመጨረሻው ቀን ነው። ታላላቆቹ አይጠቅምም ስላሉ ለእነዚህም አይጠቅምም ማለት፣ ጠግቦ የተነሣ ሰው ማዕዱን ሁሉ እንዲያነሣ እንደ መፍቀድ ነው።

ከጨዋታው ይልቅ ደግሞ የሚበልጠው ልምምዱ ነው። ለቦውል ያልተጠራ ቡድን በኅዳር መጨረሻ ይበተናል። የተጠራው ግን አሥራ አምስት ያህል ተጨማሪ የልምምድ ቀን ያገኛል። በመስከረም ወርና በጥቅምት ወር አሠልጣኞች የሚቀጥለውን ቅዳሜ ብቻ ስለሚያስቡ ጊዜያቸውን ሁሉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያፈሳሉ፤ ተጠባባቂው ቆሞ ያያል። በታኅሣሥ ግን ቀን ይተርፋል፤ ወጣቶቹ ይጠራሉ፣ ስሕተታቸው ይታረማል። የአጎቴ ልጅ እንደ ነገረኝ፣ ከሁለት ዓመት ልምምዱ ይልቅ በእነዚያ በሁለት ሳምንቶች የተማረው ይበልጣል። አሠልጣኝ ስሙን በትክክል አንሥቶ የጠራው በዚያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሲያጣምሙት ኖረዋል።

በተሸናፊነት የኖሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ካንሳስ በ2015 ከአሥራ ሁለት ጨዋታ አንድም አላሸነፈም። ከ2008 ወዲህ ቦውል የሚባል ሳያይ ኖሮ በ2022 ስድስት አሸንፎ፣ ስድስት ተሸንፎ በሜምፊስ ለሊበርቲ ቦውል ተጠራ። እዚያም አርካንሳስ 38 ለ 13 ሲመራው ከቆየ በኋላ ተነሥቶ እኩል ሆነ፤ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ጊዜ ተጫውተው 55 ለ 53 ተሸነፈ። በቁጥር ካየነው ሰባተኛ ሽንፈቱን ጨምሮ ተመለሰ። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ስምንት ጨዋታ አሸንፎ እንደገና ተጠራ፤ በቦውሉም ኔቫዳ ላስ ቬጋስን 49 ለ 36 ረታ። ቦውሉ ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ እንዲህ ያለውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ነገር ግን የአባቴን ጥያቄ ለካንሳስ ተማሪ ብታቀርቡለት የሚሰጣችሁን መልስ ለመገመት አያዳግትም።

እንዲያውም በ2015 ቦውሎቹ በዝተው ስድስት ያሸነፈ ቡድን ስለ ጠፋ፣ አምስት ብቻ አሸንፈው ሰባት የተሸነፉ ሦስት ቡድኖች ተጠሩ፤ ነብራስካ፣ ሚኒሶታና ሳን ሆዜ ስቴት። አገሩ ሁሉ ሳቀባቸው። ሦስቱም አሸነፉ።

ትንሽ ቦውል ጨዋታውም ትንሽ ነው የሚል ሰው ካለ በታኅሣሥ 24 ቀን 2014 በናሶ ከተማ የተደረገውን ባሃማስ ቦውል ፈልጎ ይመልከት። ዌስተርን ኬንታኪ ሴንትራል ሚሺጋንን በመጨረሻው ሩብ ጊዜ መጀመሪያ ላይ 49 ለ 14 ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሴንትራል ሚሺጋኖች አንድ በአንድ እያሉ አራት ጊዜ አስገቡ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ከሜዳው በሌላው ወገን ሆነው ኳሱን ወረወሩ፤ አንዱ ይዞ ለሌላው፣ ሌላውም ለሦስተኛው እየተቀባበሉ 75 ያርድ ሄደው አምስተኛውን አስገቡ። 49 ለ 48 ሆነ። አንዲት ነጥብ በእግር መትተው እኩል መሆን ሲችሉ፣ ለማሸነፍ ብለው የሁለት ነጥቡን ሞከሩ፤ ሳይሳካላቸው ቀረ። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱም በዚያን ዓመት ለታላቁ ዋንጫ ቅርብ አልነበረም። እኔ ይህን ጨዋታ በኮምፒውተር አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህም ፊዚክስ ሳላጠና የቀረሁበት ማታ አለ። መምህራችን ይቅር ይበሉኝ።

ከሁሉ ይልቅ ግን አሳቤን ያጸናልኝ ሳይደረግ የቀረ ጨዋታ ነው። በ1958 በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ስምንት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ ለሚደረገው ለታንጀሪን ቦውል ተጠራ። ያን ጊዜ ይህ ቦውል ከትናንሾቹ አንዱ ነበር፤ ለቡፋሎ ግን በታሪኩ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ስታዲየሙን ተከራይቶ የያዘው የከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ የሚከለክል ደንብ ነበረው። በቡፋሎ ቡድን ውስጥ ዊሊ ኤቫንስና ማይክ ዊልሰን የሚባሉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። ያለ እነርሱ መሄድ ይቻል ነበር። ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ተመካከሩ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ አንሄድም አሉ።

ይህን ታሪክ ለክርክሩ ስዘጋጅ ያገኘሁት «አይጠቅምም» ለሚለው ወገን ይረዳኛል ብዬ ነበር። እነሆ፣ ትልቅ ሥራ የሠራው ቡድን የቀረው ነው ልል አስቤ ነበር። ግን ደግሜ ባሰብሁት ጊዜ ተገለበጠብኝ። ቦውሉ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ መተዉ ምን ያስመሰግናል? የማይረባውን ነገር ማንም ይተዋል። እነዚያ ልጆች የተዉት በጣም የሚፈልጉትን ነገር ስለሆነ ነው ሥራቸው እስከ ዛሬ የሚነገረው። የከፈሉትም ዋጋ ቀላል አልነበረም። ቡፋሎ በቦውል ለመጫወት የበቃው ከአምሳ ዓመት በኋላ በጥር 2009 በቶሮንቶ ነው። ያም ትንሽ ቦውል ነበር፤ ተሸነፉም።

እንግዲህ ይጠቅማል ካልሁ፣ የሚጠቅመው ቡድኑ ራሱ እፈልጋለሁ ብሎ ሲሄድ ነው ማለቴ ነው። በቅርብ ዓመታት ነገሩ ተበላሽቷል። ጥቅሙ ሳይሆን ጊዜው ነው የተበላሸው። በቦውሉ ሰሞን አሠልጣኞች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይቀጠራሉ፤ ተጫዋቾችም ዛሬ እንደ ልባቸው ዩኒቨርሲቲ መለወጥ ስለሚችሉ ይበተናሉ። በ2024 ማርሻል የማኅበሩን ዋንጫ በወሰደ በጥቂት ቀን ውስጥ አሠልጣኙ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ከሃያ የሚበልጡ ተጫዋቾችም ለመሄድ ስማቸውን አስመዘገቡ። የሚሰለፍ ሰው ስላነሰው ከኢንዲፐንደንስ ቦውል ወጣ፤ ሉዊዚያና ቴክ ተተክቶ ከአርሚ ጋር ተጫወተ። ከዚያም ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 2023 ፍሎሪዳ ስቴት አሥራ ሦስት ጨዋታ ሁሉንም አሸንፎ ሳለ ከአራቱ የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ውጭ ሲደረግ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾቹ ተቈጥተው ቀሩ፤ የቀሩትን ልጆች ጆርጂያ 63 ለ 3 ቀጣቸው። በ2025 ደግሞ ኖትር ዳም አሥር ጨዋታ አሸንፎ ከአሥራ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ውጭ በሆነ ጊዜ ምንም ቦውል አልጫወትም አለ። አዮዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴትም አሠልጣኞቻቸው በመለወጣቸው ምክንያት አንሄድም ቢሉ፣ ማኅበራቸው እያንዳንዳቸውን 500,000 ዶላር ቀጣቸው።

ይህ ቅጣት ለእኔ አይገባኝም። ግብዣ ማለት እንቢ ሊባል የሚቻል ነገር ነው፤ በገንዘብ ቅጣት የሚጠበቅ ግብዣ ግን ግዴታ ነው። ቴሌቪዥኑ ተመልካች ስለሚፈልግ፣ ከቦውሎቹም ብዙዎቹ የአንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ንብረት ስለ ሆኑ፣ የቡድኑ ጥቅም በስም ይጠራል እንጂ በምክር ቤቱ ወንበር የለውም። የኖትር ዳምን ውሳኔ ግን ከሁለቱ ጋር አላስተካክልም። እነዚያ አሠልጣኝ አጡ፤ ኖትር ዳም ያጣው የፈለገውን ግብዣ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥም እንደ አጎቴ ልጅ ያሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው የከረሙ፣ ስማቸውን የማናውቀው ልጆች ነበሩ። ስለ እነርሱ የጠየቀ ጋዜጣ ብፈልግ አላገኘሁም።

ለአሜሪካኖቹ ምክር መስጠት የእኔ ድርሻ እንዳይደለ አውቃለሁ። ሆኖም ብጠየቅ ሁለት ነገር እላለሁ። ትኬቱን የመሸጥ ሸክም ከተጋባዦቹ ላይ ይነሣ፤ ድግሱን የደገሰ ያብላ። ዝውውሩም የሚጀመረው የመጨረሻው ቦውል ካበቃ በኋላ ይሁን። ኮከቦቹ ይቅሩ፤ ስለ እነርሱ ማንም አይዘን። ዩኒቨርሲቲዎች ከ2025 ጀምሮ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ስለ ተፈቀደላቸው፣ ኮከቡ እንዲሰለፍ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ በውሉ ውስጥ ጽፎ ይክፈለው።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ከጨዋታው አሥር ቀን ያህል አስቀድሞ የአጎቴ ልጅ አሠልጣኝ ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሮት ሄዶ ነበር። በመስመሩ ከሚሰለፉት ውስጥ ሦስቱ ተከትለውት ለመሄድ ስለ ተመዘገቡ አልተሰለፉም። ስታዲየሙ እጅግ ባዶ ከመሆኑ የተነሣ በኮምፒውተሩ የአንድ ሰው ጩኸት ለብቻው ይሰማን ነበር። ከእረፍት በኋላ 74 ቁጥር ወደ ሜዳ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አባቴ ነው። «ያ የኛ ልጅ አይደለም እንዴ?» ብሎ ብርድ ልብሱን ጥሎ ተነሣ። አጎቴና ሚስቱ ስድስት ሰዓት መኪና ነድተው በስታዲየሙ ነበሩ። እትዬ ልጇ ከወደቀ አይነሣም ብላ ስለምትፈራ፣ ኳሱ በተነሣ ቁጥር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ እንደ ነበር አጎቴ በኋላ እየሳቀ ነግሮናል።

ቡድኑ በ24 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ። ልጁ ሁለት ጊዜ ተጥሷል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ጊዜው ተነሥቶ ቡድኑን አስቀጥቷል። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰልፏል። በሁለት ዓመት ውስጥ በፊልም ተይዞ የሚታይ ሥራው ይህ ብቻ ነው።

አዲሱ አሠልጣኝ በጥር ሲመጣ ከቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ማንንም አያውቅም ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ «የተጫወትህበትን ፊልም አምጣ» አለው። የአጎቴ ልጅ የሚያመጣው ነገር ነበረው። በቡድኑ እንዲቆይ ተፈቅዶለታል፤ የነፃ ትምህርቱ ዕድል ግን ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ሄደበት ቀን ድረስ አልተሰጠውም። አጎቴም ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያውን እየጠበቀ ነው።

የእኛ ቡድን በበኩሉ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ቅዳሜ ጧት ለሦስተኛነት ተጫውቶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በሁለተኛው አጋማሽ ዓመቱን ሙሉ የውኃ ጄሪካን ሲሸከም የነበረው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ገብቶ ነበር። አንዷን ጎል ያስገባው እርሱ ነው።